ስድስተኛዋ ሲኒ

ሥራዬ የሰው ጥራጊ ማየት ነው። አምስተርዳም መሃል ባለ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ በቀን አሥራ አራት ክፍል፣ ሰው ከቀረ አሥራ ስድስት። እንግዳው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዳውቅም አይጠበቅብኝም። ቅርጫት ስገለብጥ ግን ሳልፈልግ የማውቀው ነገር አለ። ማታ ምን እንደበላ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ስጦታ ገዝቶ የዋጋውን ወረቀት እንደላጠ። አንድ ቀን አንድ ቁራሽ ብቻ የተነሣለት የልደት ኬክ ከነካርቶኑ ተጥሎ አገኘሁ። ሻማዎቹ አልተለኮሱም። አልጋው ላይ የተኙበት ትራስ አንድ ብቻ ነበር። ያ ኬክ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም፤ የሰውየውን መልክ ግን ኮሪደር ላይ አግኝቼው ከሆነም አላስታውሰውም።

ለዚህ ይመስለኛል ሮኪን ጣቢያ ያለው መስታወት እንደዚያ የያዘኝ።

ሮኪን ከሥራ ስወጣ 52 ቁጥር ሜትሮ የምይዝበት ጣቢያ ነው። ወደ ታች የሚወስዱት ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ረጃጅም ናቸው። በመካከላቸው ከላይ እስከ ታች መስታወት ተዘርግቷል፤ ውስጡ በሁለቱ መግቢያዎች ተደምሮ ወደ 10,000 የሚጠጋ ዕቃ ተደርድሯል። ለወራት አንገቴን ስልኬ ላይ ደፍቼ አጠገቡ ስወርድ ኖሬያለሁ። ያየሁት ስልኬ ባትሪ የጨረሰ ቀን ነው። ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ መቀስ፣ አዝራር፣ የጫማ ሶል፣ የተሰበረ ሳህን፣ ሳንቲም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ የእጅ ስልክ። እንደኔ ደረጃ ላይ አንገቱን ደፍቶ የነበረ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ግን ድልድይ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው አምስተል ከሚባለው ወንዝ ነው። ዛሬ ሰው የሚርመሰመስባቸው ዳምራክና ሮኪን የወንዙ የድሮ መሄጃ ናቸው። አዲሱ ሜትሮ በእነሱ ሥር ሲቆፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ድረስ የከተማው አርኪኦሎጂስቶች አብረው ወርደው ወደ 700,000 ግኝት አወጡ። የከተማው ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ወንዙ የጣለው፣ ያመለጠው፣ የሰጠመበት ነው። ባቡሩ በ2018 ሲጀምር ከፊሉ እዚሁ ከነበረበት ቦታ ላይ ቀረ። እኔን ደስ የሚለኝ ይኸኛው ነው፤ ሙዚየም ሄጄ ቲኬት ሳልቆርጥ፣ የሥራ ጫማዬን እንዳደረግሁ።

ወንዝ ውስጥ ያለው ግን የአደባባይ ቆሻሻ ነው። ማን እንደጣለው አይታወቅም። እኔ ደግሞ ክፍል በክፍል የለመድኩ ሰው ነኝና «የማን ነው?» ማለት ይቀናኛል። ያን የሚመልሰው የጓሮው ጉድጓድ ነው።

ደች ስማር «ቤር» ድብ ማለት እንደሆነ ነበር የያዝኩት። ስለ ድሮ ቤቶች የተጻፈ ነገር ሳነብ «ቤርፑት» የሚል ቃል አጋጠመኝ፤ ፑት ጉድጓድ ነው። የድብ ጉድጓድ! እነዚህ ሰዎች በየጓሯቸው ድብ ያረቡ ነበር እንዴ ብዬ አንድ ምሽት ሙሉ አምኜ ነበር። ኋላ ነው «ቤር» የተጠራቀመ ዓይነ ምድርም ማለት እንደሆነ የገባኝ። በእኛ አነጋገር የሽንት ቤት ጉድጓድ። በክብ በጡብ ይገነባል፣ ወለል የለውም፤ ፈሳሹ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ወፍራሙ ይቀራል። የቤቱ ሰው የሚቀመጥበት ብቻም አልነበረም፤ የወጥ ቤት ጥራጊ፣ የተሰበረ ዕቃ፣ ልጣጭ፣ አጥንት፣ ሁሉም እዚያው ይገባ ነበር። ሲሞላ «የሌሊት ሠራተኛ» የሚባሉት መጥተው ይጠርጉታል። ጠርገው ግን አይጨርሱትም፤ ከሥር ሁልጊዜ ጥቂት ይቀራል። አርኪኦሎጂስት የሚኖረው በዚያች ጥቂት ነው።

የሌሊት ሠራተኞቹን ነገር ሳነብ አዲስ አበባ በቀን ብርሃን ግቢ ገብቶ ሰፈሩን በሙሉ መስኮት የሚያዘጋው የመጣጭ መኪና ትዝ አለኝ። እዚህ ደግሞ ኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ባልዲ እየሰበሰበ የሚዞር ጋሪ ነበር። ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የቦልዶት ጋሪ» ነው። ቦልዶት የሽቶ ፋብሪካ ስም ነበር። ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሜትሮ ውስጥ ሳቅሁ፤ ስም ማውጣት የአራዳ ልጆች ብቻ ሙያ ይመስለኝ ነበር።

አምስተርዳም ረግረግ ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች የጉድጓዶቹ ሥር ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ነው። አየር አይገባም፤ አየር ካልገባ ብስባሴ ይዘገያል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የሚጠፋው እዚህ ይቆያል፤ ቆዳ፣ እንጨት፣ የፍሬ ዘር። ዘሩን በወንፊት ነው የሚያጥሉት። የበለስ ዘር፣ የወይን ዘር፣ የእንጆሪ ዘር። የእንጆሪ ዘር የራስ ምታት ክኒን ላይ ከሚጻፈው ፊደል ነጥብ አይበልጥም። አንድ የሆነ ሰው በአንድ የሆነ በጋ እንጆሪ በልቶ ሽንት ቤት ገባ፤ ከሦስት መቶ ምናምን ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ዘሩን በማጉያ መነጽር ይቆጥራል። የወስፋት እንቁላልም ይገኛል። ሰውየው ይህን ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ወስፋቱ አብሮት መኖሩ ምን ይባላል? የእኛ አያቶች ጉድጓድ ቢሆን ኖሮ የኮሶ ትል እንቁላልና የኮሶ አበባ ከዚያው ይገኝ ነበር፤ በሽታውና መድኃኒቱ ባንድ ላይ።

በጣም ከሚበዛው አንዱ ግን የፒፓ ስባሪ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ትንባሆ የሚጨሰው በነጭ ሸክላ ፒፓ ነበር፤ አንገቱ እንደ መቃ ቀጭንና ረጅም፣ ቢነኩት የሚሰበር። ስለዚህ እንደ ዛሬ ሲጋራ ቁራጭ ይጣላል። መጀመሪያ ላይ ትንባሆው ውድ ስለነበር የፒፓው አፍ እንደ ጣት ጫፍ ጠባብ ነው፤ እየረከሰ ሲሄድ እየሰፋ መጣ። አፉን አይተው ብቻ ጉድጓዱ በስንት ዓመተ ምሕረት ግድም እንደተሞላ ይገምታሉ። ሥሩ ላይ የሠሪው ማኅተም ካለማ ግምቱ ይጠብባል። እኔም ከወረቀት ኩባያው ላይ እንግዳው የትኛው ካፌ እንደሄደ አውቃለሁና፣ ዘዴው አዲስ አልሆነብኝም።

ዋተርሎፕሌይን ዛሬ የከተማው አዳራሽና የኦፔራ ቤቱ ያሉበት ቦታ ነው፤ እሑድ ካልሆነ አሮጌ ልብስና ዕቃ የሚሸጥበት ገበያም አለው። ጃኬቴን የገዛሁት ከዚያ ነው። ከሕንፃው በፊት፣ በ1981 እና 1982፣ ቦታው ተቆፍሮ ነበር። ሰፈሩ ድሮ ፍሎየንቡርግ ይባላል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወንዙ ውስጥ አፈር ተሞልቶ የተሠራ ደሴት ነው። ከፖርቱጋልና ከስፔን የመጡ አይሁዶች ሰፈሩበት፣ ቀጥሎ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብዛኞቹ አይሁድ ነዋሪዎች ተግዘው አለቁ። በ1944 እና 45ቱ የረሃብ ክረምት ደግሞ የከተማው ሰው የባዶዎቹን ቤቶች እንጨት ለማገዶ ነቅሎ ወሰደ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። ከላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ከሥር ግን የሽንት ቤት ጉድጓዶቹ ነበሩ።

ቆፋሪዎቹ አጥንት ቆጠሩ። ከአንዱ ቤት ጉድጓድ የአሳማ አጥንት ይወጣል፤ ከሌላው ጉድጓድ የበሬ፣ የበግ፣ የዶሮ ይወጣል፣ አሳማ ግን የለም። ማን የት እንደኖረ በዚያ ተለየ። ሥጋው በሥርዓቱ የታረደ ለመሆኑ የሚታሰርበት የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለው የእርሳስ ማኅተምም ተገኝቷል። ይህን ሳነብ የራሴን ቅርጫት አሰብኩ። ሆላንድ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ አንድ የአሳማ አጥንት አይወጣበትም። የዐቢይ ጾም ሳምንታት ምስርና የጎመን ግንድ፣ ከፋሲካ ማግሥት አንድ ጊዜ የዶሮ አጥንትና የእንቁላል ቅርፊት ዱብ ይላል። አጥንቱንም ቢቆጥሩ የብልቱ ቁጥር አሥራ ሁለት መሆኑን ልብ የሚል ሰው ቢገኝ፣ ስሜንም ሳይጠይቅ አገሬን ያገኘዋል።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሄድ ሲሉ ሠዓሊው ሬምብራንት የኖረበት ቤት አለ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1639 በ13,000 ጊልደር ገዛው፣ ዕዳው በላው፣ በ1656 ከሰረ። ያኔ የዕዳ ጸሐፊዎች ቤቱን ክፍል በክፍል ዞረው ንብረቱን መዘገቡ፤ 363 ተራ ቁጥር። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የጦር መሣሪያ፣ ዛጎል ሳይቀር። ሊሸጥ የሚችለው ሁሉ ተጽፏል። ሙዚየሙ ሲስፋፋ በ1997 የግቢው ጉድጓድ ተቆፈረና ከዚያ ሸክላ ማሰሮዎች ወጡ። ውስጣቸው የደረቀ ነገር ነበር፤ ሸራ ከመሳሉ በፊት የሚቀባ፣ ኳርትዝ ከሚባል የአሸዋ ማዕድን የተሠራ መሠረት ቀለም። በዚያ ዘመን በዚያ ከተማ ያን ቅባት የሬምብራንት ቤት ነበር የሚጠቀምበት። የዕዳ ጸሐፊው ያን ማሰሮ ቢያየውም አይጽፈውም፤ ማን ይገዛዋል? ሥራው ራሱ ግን ያለው እሱ ውስጥ ነው። እኔ ብሆን ከ363ቱ ሁሉ ያንን ማሰሮ እመርጣለሁ። ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል።

አሁን ወደ ሲኒዋ ልምጣ።

የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1602 ተቋቋመ። በ1603 ከፖርቱጋሎች ተማርኮ የመጣ «ሳንታ ካታሪና» የሚባል መርከብ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ጭነቱ አምስተርዳም ላይ በጨረታ ሲሸጥ የቻይና ፖርሴሊን ከተማውን አሳበደው። መጀመሪያ የባለጸጋ ጌጥ ነበር። ዴልፍት ከተማ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ነጭ እየቀቡ ሰማያዊ እየሳሉበት አስመስለው ሠሩት። መቶ ዓመት ሲያልፍ ግን ዋናውም አስመሳዩም ተራ ሰው ቤት ገባ፣ ተራ ሰው ጉድጓድ ውስጥም ወደቀ። ሻይና ቡና ደግሞ መጣ። ስለዚህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጉድጓድ ሲከፈት ትናንሽ ሲኒዎች ይወጣሉ፤ ጆሮ የሌላቸው፣ ከሁለት ጉንጭ በላይ የማይዙ፣ ሰማያዊ አበባ ያለባቸው።

የአንዷን ፎቶ ሳይ እጄ አፌ ላይ ሄደ። የእናቴ ሲኒ ናት።

አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን «ሲኒ» የምንለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው የመጣ ነው፤ ቻይናዊ ማለት ነው። እኛም እነሱም የምንጠጣው ከአንድ ምንጭ በመጣ ዕቃ ነበር። ቡናውም ያው። ከእኛ ወደ የመን፣ ከየመን ዞሮ በደቾች እጅ ጃቫ ተተከለ፤ በ1706 አንድ ችግኝ ከጃቫ አምስተርዳም የዕፀዋት ግቢ ገባ። ከዋተርሎፕሌይን በእግር ብዙም አይርቅም፣ ዛሬም አለ። በ1714 ከዚያ የተባዛ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ፤ የዚህች የአምስተርዳም ዛፍ ዘሮች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ደረሱ። አንድ ቀን ሄጄ የቡናውን ዛፍ አየሁት። መስታወት ቤት ውስጥ ነው፣ ቅጠሉ ጥሩ ነው። ሰላም ብዬው ወጣሁ። ምን ይባላል ሌላ?

እኔ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ስሙ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ የተረፈ ስባሪ ነው፤ «ካዘ ኢንቺስ» ይሏቸው ነበር። ግቢያችን አራት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ሽንት ቤቱ ከእንጨት ወለል መሃል ቀዳዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ። እናቴ ስድስት ሲኒ ነበራት፤ ጠርዛቸው ሰማያዊ፣ ሆዳቸው ላይ አንድ አንድ አበባ። የሚወጡት ለእንግዳ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከቁም ሣጥኑ አውርጄ አሻንጉሊት ቡና ሳፈላ አንዷ ወደቀችና ለሁለት ተከፈለች። እንደ ምስር ክክ፣ እኩል።

ያኔ የሆነ ዕቃ ጥራጊ ላይ ብጥለው እንደሚገኝ አውቅ ነበር። እኛ ጋ ጥራጊ ላይ የሚወድቅ ነገር ስለሌለ። ጠርሙስና ጣሳ ቢሆን ቆራሌው ይወስደዋል፤ «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ ጠዋት ጠዋት የሚዞረው። አሮጌ ልብስ ልዋጭ የሚሉት ወስደው የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጡበታል። ማሰሮ ሲሰበር ገሉ ይቀመጣል፣ ከጎረቤት እሳት ይጫርበታል። ኢዮብ እንኳ አመድ ላይ ተቀምጦ ገላውን ያከከው በገል ነው። ሐረር ሄዳችሁ ከሆነ ግንቡ ሥር ለጅብ የተተወውን ቀዳዳ አይታችኋል፤ ማታ ገብቶ የከተማውን ትርፍራፊ አጽድቶ ይወጣል። የእኛን ሰፈር የቆፈረ ሰው ስለዚህ ብዙ ዕቃ አያገኝም፣ አግኝቶ ግን ድሆች ነበሩ ብሎ ቢጽፍ ግማሹን ነው ያገኘው። አንድ ነገር እውነት ከቤት እንዲጠፋ ከተፈለገ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ሁለቱን ክክ በቀሚሴ ይዤ ሄድኩና በቀዳዳው ለቀቅኋቸው። ድምፃቸውን ሰማሁት፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው።

አሮጌ ጉድጓድ ሲቆፈር አንዳንዴ ያልተሰበረ ዕቃ ይወጣል ይላሉ። ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ሙሉውን። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ይከራከሩበታል፤ ወድቆ ነው፣ ቤተሰቡ ሲለቅ ነው፣ ወረርሽኝ ፈርተው ነው። ልጆች እንዳሉ ግን መርሳት የለባቸውም።

እሑድ እንግዳ መጣና ሲኒዎቹ ተቆጠሩ። ቤታችን ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ትሠራ ነበር፤ ከእኔ በሰባት ስምንት ዓመት ትበልጥ ይሆናል፣ እናቴን እትዬ ትላት ነበር፣ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። እናቴ አልጮኸችባትም። «የሚያጥበው ያንቺ እጅ ነው» አለቻት ብቻ። ልጅቱ «የቁልቢው ገብርኤል ምስክሬ ነው እትዬ፣ አልነካሁም» አለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። በወሩ መጨረሻ ከደሞዟ 5 ብር ተቀነሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ አገሯ ሄዳ አልተመለሰችም። ፀጉሬን እስክትሄድ ድረስ ትሠራኝ ነበር፣ ሳትጎትተኝ።

አምና የሲኒዋን ፎቶ ካየሁ በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያ ጠርዙ ሰማያዊ ሲኒ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴ፣ አሁንም አለ'ኮ። አምስቱም።»

«ስድስት ነበሩ።»

«አምስት ናቸው። አምስት ነው የገዛሁት።»

«ማን አምስት ሲኒ ይገዛል እማዬ?»

«በነጠላ ነበር የሚሸጠው።»

ልጅቱን ጠየቅኋት። የቷ ልጅ አለችኝ፤ ስንቷ መጥታ ስንቷ ሄዳለች። ከደሞዟ የቆረጥሽባት ስላት ቆጣ አለች። «እኔ? የሰው ደሞዝ? አንቺ ልጅ እዚያ ሆላንድ ምን እያበሉሽ ነው?» አልዋሸችም። እናቴ አትዋሽም። ቤቷን ክፍል በክፍል ዞራ ቆጥራ የመዘገበችው ነው፣ አምስት። ሰባብሬ የጣልኩት እኔ ነኝ ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ሰበርኩ የምለው ስድስተኛ ሲኒ እሷ ዘንድ የለም። ካርዱም አለቀ።

በእኛ አቆጣጠር በ2017 ጥቅምት አካባቢ ካዛንቺስ ሲፈርስ የእኛም ግቢ ፈረሰ። እናቴ ወንድሜ ጋ ገባች፣ አምስቱን ሲኒ በፎጣ ጠቅልላ ይዛ። ወንድሜ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ቆርቆሮው አጥሩ የለም፣ ቧንቧው የለም፣ የጎረቤታችን የኮክ ዛፍ የለም። ኤክስካቫተሩ ሽንት ቤቱ በነበረበት በኩል አካፋውን ይሰድዳል። የሚያወጣው አፈር ከሌላው ይጠቁራል። ወንድሜ ከጀርባ «አቤት ሽታው!» ሲል ይሰማል፣ ሌላ ሰው ይስቃል።

ሮኪን ደረጃው ላይ ሆኜ ነው ያየሁት፣ አንገቴን ደፍቼ። አርባ አንደኛው ሰከንድ ላይ አካፋው ሲነሣ ከጥቁሩ አፈር መሃል አንዲት ነጭ ነገር ብልጭ ትላለች። ቪዲዮውን አቁሜ በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ሲሰፋ ይደበዝዛል። ወንድሜን ጠየቅሁት፣ ፕላስቲክ ነው አለኝ። መኪናው የጫነውን ይዞ ወዴት እንደሄደም ጠየቅሁት። ምን ጠፍቶብሽ ነው አለኝ።